ከወንበሩ ኋላ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው መናገር ነው። ቀኑን ሙሉ ይናገራል፤ ቀኑን ሙሉ ሰዎች ይመልሱለታል። ግን ከሚያናግራቸው ሰዎች የአንዱንም ፊት አይቶ አያውቅም።

ምን ዓይነት ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው። መብራቱ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ፣ ራዳር ፊት ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ለአውሮፕላኖች መንገድ ይሰጣል። አንተ ውረድ፤ አንተ ቆይ፤ አንተ ወደ ግራ ታጠፍ። አብራሪው የታዘዘውን ቃል በቃል ይደግምለታል። ልክ ከሆነ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እናንተ ሰማይ ላይ ሆናችሁ በመስኮት ደመና ፎቶ ስታነሡ፣ ምግቡ ቀዝቅዟል ብላችሁ አስተናጋጇን ስትቆጡ፣ ታች አንድ ሰው ስለ እናንተ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

የየትኛው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ለነገራችን አይጠቅምም።

የሰውየው ስም አይችሉህም ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። አባቱ ሲሞት እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዘመዶች ጓሮዋን ሊቆርሱ፣ ቤቷን ሊካፈሉ መጡ። እሷ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ታቅፋ በራፏ ላይ ቆመችና «አይችሉህም» አለችው። ጥሩ ስም ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ያደገ ሰው «አልቻልኩም» የሚለውን ቃል ከየት ይማረዋል?

አልተማረውም።

ስለ ሥራው ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ቀሪው አይገባችሁም።

አንደኛው ሥዕል የሚሉት ነገር ነው። ራዳሩ ላይ የሚታየው ነጥብ ነው። ነጥብ ብዙ አይናገርም። የትኛው እየወረደ እንደሆነ፣ የትኛው እየዞረ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ለየትኛው መንገድ እንዲለቅ እንደታዘዘ፣ ከአፍታ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚኖረው በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሥዕሉ ይሉታል። ሥዕሉ ካለህ ተቆጣጣሪ ነህ። ሥዕሉ ከጠፋህ ነጥብ የሚቆጥር ሰው ነህ።

ሁለተኛው ርክክብ ነው። ፈረቃ ሲለወጥ፣ ተረካቢው መጥቶ ወዲያው አይቀመጥም። ማዳመጫውን ይሰካና ከሚሠራው ሰው ወንበር ኋላ ይቆማል። ያያል፤ ይሰማል። ሥዕሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲገባ «ተረክቤአለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ነባሩ ከወንበሩ ይነሣል። ይነሣል እንጂ አይሄድም። እሱም በተራው ከወንበሩ ኋላ ይቆማል፤ የረሳው ነገር ካለ እንዲናገር፣ የተረከበው ሰው ዞር ብሎ የሚጠይቀው እንዲያገኝ። ጥቂት ቆይቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ደንቡ ይህ ነው። ወንበሩ አንድ ነው፤ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተሠራ አይደለም።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጥርት ባለ ጧት፣ ሁለት አውሮፕላኖች በሱ ሰማይ ላይ ከሚፈቀደው በላይ ተቀራረቡ። አንደኛው ሳይታዘዝ መውረድ ጀምሮ ነበር። አይችሉህም አየ፤ ጮኸ፤ አንዱን ወደ ላይ አስወጣ፣ ሌላውን አጠፈ። ተላለፉ። ተሳፋሪዎቹ ምንም አላወቁም። አንዳንዶቹ ተኝተው ነበር።

አጣሪዎች መጡ፤ የተቀዳውን ድምፅ ሰሙ፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም አሉ። እንዲያውም አመሰገኑት። ባልደረቦቹ ትከሻውን እየመቱ «አይችሉህምን ሰማይም አልቻለው!» ብለው ሳቁ። ማኪያቶ ጋበዙት። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

አበቃ?

አላበቃም። ከዚያ ቀን በኋላ በማዳመጫው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የዚያ ጧት ድምፅ ሆነበት። አልጋው ላይ ሲጋደም ነጥቦቹ ጣሪያው ላይ ይሄዳሉ። እጁ በሐሩር ቀን ይቀዘቅዛል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ ይወጣና «ደህና ዋላችሁ» ይላል።

ምን ሆነህ ነው የከሳኸው ሲሉት ምን የሚል ይመስላችኋል? «ጨጓራ ነው» ይላል።

ጨጓራ! ይህን የማያውቅ ማን አለ? እኛ አገር ያልተነገረ ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ከዚያማ ምክሩ ወረደ። ዘበኛው ተልባ አዘዘለት። የቢሮ ጸሐፊዋ ተልባ በጠርሙስ በጥብጣ አመጣችለት። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቹ እጃቸውን ጭነው ለጨጓራው ጸለዩና፣ ከአሜን በኋላ ተልባ መከሩት። ሰፈሩ ሁሉ ተልባ አዘዘለት፤ «ምኑ ነው የሚፈጅህ?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም።

«ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ እንደ ትልቅ ጨዋነት። ይፈጀዋላ! ሆዱ ሰምቶ ይፈጀዋል። ከዚያ ሆዳችን ሲቃጠል ተልባ እንበጠብጣለን።

ለሐኪም ለምን አልተናገረም ትላላችሁ? ፈራ። ለሥራው ሐኪም «እንቅልፍ የለኝም፤ እጄ ይቀዘቅዛል» ቢል ማዳመጫውን ይቀበሉታል። ማዳመጫውን ከተቀበሉት ማን ነው እሱ? ከአይችሉህም ምን ይቀራል? ስለዚህ ዝም አለ። ዝም ብሎ ሲሠራ ደግሞ ይበልጥ አመሰገኑት።

ለሚስቱስ?

ሚስቱ ሐመልማል ትባላለች፤ አስተማሪ ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ትለው ነበር። «ደህና» ይላታል። «ምነው ፊትህ?» ትለዋለች። «ምንም።» ሰው በር ሲዘጋበት ስንት ጊዜ ያንኳኳል? አንድ ቀን መጠየቁን ተወችው። እሱም እፎይ አለ። አስተውሉ፤ እፎይ አለ።

ከሥራ ሲመለስ ኮንዶሚኒየማቸው ሥር መኪናውን ያቆምና ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሬዲዮ አይከፍትም። ስልክ አያነሣም። ቀኑን ሙሉ በድምፅ መካከል የዋለ ሰው፣ አንድም ድምፅ የማይሰማበት ቦታ ያገኘው እዚያ ብቻ ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራቱ ይታየዋል። ሚስቱ ከመጋረጃው ኋላ ስትመላለስ ይታየዋል። አይወጣም። ቤቱን እንደ ሌላ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ብቸኝነት ሰው ማጣት ይመስላችኋል? አይደለም። መብራቱ እየታያችሁ ደረጃውን መውጣት አለመቻል ነው።

ትርሲት የምትባል ባልደረባ ነበረችው። በዕድሜ ታንሰዋለች፤ ሥራውን ከጀመረች ወዲህ ብዙውን ያሳያት እሱ ነው። ተጫዋች ናት፤ አፏ ስለት ነው፤ «አይችሉ» እያለች ነው የምትጠራው። አንድ ቀን ልትረከበው መጣች። በደንቡ መሠረት ማዳመጫዋን ሰክታ ከወንበሩ ኋላ ቆመች።

«ከኋላዬ አትቁሚ» አላት፤ ዓይኑን ከራዳሩ ሳያነሣ።

«ርክክብ ነው እኮ።»

«ትንፋሽሽ ይሰማኛል።»

«እና መተንፈሴን ልተው?»

«ትርሲት፣ አልቀለድኩም። ወደ በሩ ሂጂ። ስጨርስ እጠራሻለሁ።»

«በሩ ጋ ቆሜ ምን እረከባለሁ? የበሩን እጀታ?»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች ቀና አሉና መልሰው አቀረቀሩ። ትርሲት ማዳመጫዋን ነቀለች። «እሺ፤ እንደፈለጉ» አለችው።

እንደፈለጉ። ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ያለው መንገድ በእኛ ቋንቋ እንዴት ሩቅ እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ሰውን ለማክበር እንደምንጠቀምበት ሁሉ ሰውን ለመሸኘትም እንጠቀምበታለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሆነ። «ደህና ዋሉ?» «እርስዎ ጨርሰዋል?» ቀልድ የለም። «አይችሉ» የለም። በርክክብ ሰዓት ካፖርቷን ይዛ በሩ አጠገብ ትቆማለች። እሱ ሲጨርስ የቀረውን በአጭሩ ይነግራትና፣ ከወንበሩ ኋላ መቆም ያለበትን ጊዜ ሳይቆም፣ ፊቱን ሳያዞር ይወጣል። አለቃቸው ያያል፤ ግን ምን ይበል? ጎበዝ ሠራተኛ ነው። በጎበዝ ሰው ላይ ደንብ ማስከበር የሚደፍር ስንት አለቃ አለ?

ለምን አባረራት? እሷን ስለጠላ አይደለም። ከኋላው የሚቆም ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ያያል። በቃ፤ ምክንያቱ ይህ ነው። ያባረረው ትርሲትን ሳይሆን የሚያይ ዓይን ነው።

እንዲህ እያለ ክረምት ገባ።

ሐምሌ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በአንድ ጊዜ በረዶ ወረደ። ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚያራግፉ ይመስላል። ማኮብኮቢያው ለጊዜው ተዘጋ። የሚያርፉት አውሮፕላኖች አየር ላይ እየዞሩ ይጠብቁ ጀመር፤ አንዱ ከሌላው በላይ፣ እያንዳንዱ በየከፍታው፣ እንደ ፎቅ። ፎቁን የሠራው፣ ለእያንዳንዱ ወለሉን የሰጠው አይችሉህም ነው። ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ክፍሉ ውስጥ አሉ፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሰማይ አለው። ማንም ቀና ብሎ የሌላውን ሰማይ አያይም።

አንድ አብራሪ ጠራው። ፊት ለፊቱ ጥቁር ደመና አለ፤ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈልጋል። አይችሉህም ፈቀደለት። ከምሥራቅ የመጣ ሌላ ጠራው፤ እሱም ከደመናው መሸሽ ይፈልጋል። ለእሱም አንድ ትእዛዝ ሰጠው። ሦስተኛ ጠራ። ጭነት የያዘ አውሮፕላን እየዞረ መጠበቁን እንደሚቀጥል አስታወቀ። አራተኛ ጠራ።

ከዚያ ሥዕሉ ጠፋ።

እንዴት እንደሚጠፋ ልንገራችሁ። መብራት እንደሚጠፋ ነው። ማስጠንቀቂያ የለውም። ነጥቦቹ እዚያው ናቸው፤ ግን ነጥብ ብቻ ሆኑ። ከምሥራቅ የመጣውን የት ላከው? ወደ ቀኝ ታጠፍ ያለውስ በስንት ከፍታ ላይ ነው? ከደመናው ጠርዝ ላይ ሊገናኙ ነው ወይስ አይደለም? ነግሯቸዋል፤ ደግመውለታል፤ ልክ ነው ብሏል። አሁን ግን አንዱም ጭንቅላቱ ውስጥ የለም። በምትኩ የጥቅምቱ ጧት መጥቶ ተቀምጧል።

ከምሥራቅ የመጣው አብራሪ እንደገና ጠራው። «ጠብቅ» አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥዕሉ ጠፋ እንጂ ድምፁ አልጠፋም። ያው የረጋ፣ ያው ጎላ ያለ፣ ያው የሚታመን ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ የመጣለትን ትእዛዝ ቢሰጥ ይታዘዙታል። አስፈሪው ይህ ነው። በውስጡ ምንም እንደሌለ ማንም አያውቅም። ደህና ነኝ ሲል ደህና ይመስላል። እንሂድ ሲል ይሄዳሉ።

አብራሪው ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። አሁን ድምፁ ተቀይሯል።

አይችሉህም ቀና አለ። ከራዳሩ ጎን ያለው ጥቁር መስታወት ላይ የራሱ ጭንቅላት ይታየዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ ግድግዳ አለ። ሌላ ምንም የለም። ሰው መቆም የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ያደረገው ማን ነው? ራሱ ነው። ሰው አልሸሸውም። በገዛ አፉ ሂጂ ብሎ አባርሯል።

ምን ያድርግ? ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ አልቻልኩም ያለ ሰው አላየም። ሰው ሁሉ ይሰማል። ማዳመጫውን ይቀበሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ይወድቃል። በሌላው ወገን ደግሞ የሰው ነፍስ የጫኑ ነጥቦች አሉ።

«ትርሲት» አለ።

ትርሲት ፈረቃዋ ሊጀምር ስለነበር ካፖርቷ በዝናብ እንደራሰ በሩ ጋ ቆማለች። «እኔን ነው የጠሩኝ?» አለች።

«ነይ።»

«የት ልቁም?»

የት ልቁም አለችው! ጥፋተኛ አትበሏት። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የምለው።

«ከኋላዬ» አለ። ከዚያ ያ የረጋ ድምፁ ሳይሆን ሌላ ድምፅ ከአፉ ወጣ። «ሥዕሉ ጠፋኝ።»

አይዞህ አላለችውም። ምን ነካህ አላለችውም። ድሮም ነግሬህ ነበር አላለችውም። በረዶው ጣሪያውን እየደበደበ፣ ካፖርቷን መሬት ላይ ጥላ፣ ማዳመጫዋን ሰካች።

«የያዝከውን ንገረኝ» አለች። «የምታውቀውን ብቻ።»

«የጭነቱ ከላይ ነው። ይጠብቃል። ከሥሩ ያለውም ይጠብቃል። ሁለቱን አውቃለሁ።»

«የማታውቀውስ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም ነበር። «ከምሥራቅ የመጣውን» አለ። «ወደ ቀኝ ያጠፍኩትንም። ምን እንዳልኳቸው አላውቅም።»

«እሺ። ተነሣ። ተረክቤአለሁ።»

ተነሣ፤ እሷ ተቀመጠች። ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። ሁለቱን አብራሪዎች አንድ በአንድ የት ነህ፣ ስንት ከፍታ ላይ ነህ ብላ ጠየቀች። ነገሯት። አንደኛውን ካለበት እንዳይወርድ፣ ሌላውን ወደ ሰሜን እንዲያዞር አዘዘች። መካከላቸው በቂ ቦታ ነበረ። ተአምር አላወራሁላችሁም፤ ቦታ ነበረ። ግን ሰውየው «ትርሲት» ለማለት ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ አይኖርም ነበር።

አይችሉህም ምን ያህል ተቀራርበው እንደነበር ከመልሳቸው ሲሰማ ማዳመጫውን ነቀለ፤ ወደ በሩ አመራ። መታጠቢያ ቤት ሊገባ ነው? ወደ መኪናው ሊሄድ ነው? እሱም አያውቀውም። ብቻ ሰው ከማያየው ቦታ።

«አይችሉ» አለች ትርሲት፤ ዓይኗን ከራዳሩ ሳታነሣ። «የት ነው?»

«ጨረስኩ።»

«አልጨረስክም። ከኋላዬ ቁም።»

«እኔ? አሁን ምን እጠቅማለሁ?»

«የጭነቱን አውሮፕላን ለምን ከሁሉ ኋላ እንዳቆየኸው አላውቅም። አንተ ነህ የምታውቀው። ማዳመጫህን ሰካ።»

ተመለሰ። ሰካ። ከኋላዋ ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አልደበቀውም፤ የወንበሩን ጀርባ ያዘበት። ጥቂት ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ነዳጅ ሞልቶኛል፤ ለሌሎቹ ቅድሚያ ስጥ ብሎኝ ነው» አለ።

«በል፤ ይህንን ነበር የፈለግሁት» አለች።

በረዶው ቆመ። አንድ በአንድ ወረዱ። የጭነቱ አውሮፕላን መጨረሻ ላይ ወረደ። ትርሲት ማስቲካ ከኪሷ አውጥታ ለራሷ አንድ ቆረሰችና፣ ሳትዞር ሌላውን ወደ ኋላ ዘረጋችለት። «ትንፋሽህ ይሰማኛል» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። እሱ ግን ሲስቅ ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። አያልቅም። አለቃው ዕለቱን ከወንበሩ አነሣው። ወደ ሐኪም ላኩት። ለወራት ማዳመጫ አልነካም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ለአዳዲስ ሠልጣኞች ያስረዳል። በኮሪደሩ ሲያልፍ «ቻሉት እኮ!» ብሎ የቀለደበት አለ። እውነት መናገር ዋጋ አያስከፍልም ብሎ የሚሰብክላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ያስከፍላል። ዝምታው ግን ከዚያ የበለጠ ሊያስከፍል ነበር፤ የሚከፍሉትም በመስኮት ደመና የሚያዩት ናቸው።

ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ቤት አለ።

መኪናውን አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። መብራቱን አየ። በዚያች ቀን ግን አልተቀመጠም፤ ደረጃውን ወጣ። ሐመልማል የራሰ ልብስ ወንበሩ ላይ፣ የመስኮቱ ብረት ላይ፣ የበሩ ጫፍ ላይ እየሰቀለች ነበር፤ ሐምሌ ነውና ውጭ የሚደርቅ የለም። እንደ ልማዷ ምንም አልጠየቀችውም።

«ዛሬ ሥራ ላይ ሥዕሉ ጠፋኝ» አላት።

«የምን ሥዕል?»

ነገራት። ከጥቅምት ጀምሮ። ማስመለሱን፣ እጁን፣ ጣሪያው ላይ የሚሄዱትን ነጥቦች። እሷ የራሰ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቆማ ሰማችው።

«መኪናው ውስጥ የምትቀመጠው ለዚህ ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ታዪኛለሽ እንዴ?»

«ፎቁ በሙሉ ያይሃል! የታችኛዋ ጎረቤታችን ‹ባልሽ ከማን ጋር ነው እንዲህ በስልክ የሚያመሸው› ብላኛለች።»

«በስልክ አላወራም።»

«አሁን አወቅሁ። እኔማ ሌላ ሴት ይዘህ ነው ብዬ ነበር።»

ሳቁ መጣበት። «ሌላ ሴት! በየት ጉልበቴ?»

ሐመልማል አልሳቀችም። «አትሳቅ» አለችው። «ብቻህን የነበርከው አንተ ብቻ መስሎሃል። እኔስ ከማን ጋር ነበርኩ?»

የራሰውን ካልሲ ከእጇ ወሰደና የሚሰቀልበት ቦታ ፈለገ። ቦታ አጣ። ይዞት ቁጭ አለ። እሷም ከጎኑ ቁጭ አለች። «እሺ» አለችው፤ «ከጥቅምት ጀምረህ እንደገና ንገረኝ። ቀስ ብለህ።»

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከእናንተ መካከል አውሮፕላን የሚመራ ላይኖር ይችላል። ሥዕሉ የጠፋው ግን አለ። እዚህ ተቀምጧል። ድምፁ የረጋ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነህ?» ብለነው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎናል፤ እኛም አሜን ብለን አልፈነዋል። እግዚአብሔርማ ይመስገን! ግን ጥያቄው እሱ እንዴት እንደሆነ ነበር። አልመለሰውም። እኛም አልጠበቅነውም።

ሰው የለኝም የምትሉ፣ ልጠይቃችሁ። የላችሁም ወይስ አባረራችሁ? ወደ በሩ ሂጂ ያላችሁት ማንን ነው? እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ እንዳያይ ብላችሁ «እርስዎ» ያደረጋችሁት ማንን ነው? ምናልባት አልሄደም። ምናልባት ካፖርቱን ይዞ በሩ ጋ ቆሟል፤ «የት ልቁም?» እንዲላችሁ ስሙን መጥራት ብቻ ይበቃል።

ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ፤ ሰው ምን ያደርግልኛል የምትሉም አላችሁ። መንፈሳዊነት ይመስላል። አይደለም። ጌታ ራሱ በዚያች የመጨረሻ ሌሊት፣ ነፍሱ ስትጨነቅ፣ ከአባቱ ጋር ብቻውን መሆን አያውቅበትም ነበር? ያውቅበታል። ግን ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ሄደ፤ ነቅተው አብረውት እንዲቆዩ ለመናቸው። ለመናቸው! ያሳፈሩት እነሱ ናቸው፤ ተኙ። እሱ ግን ከመለመን አላፈረም። እኛ ከሱ የበለጥን ጠንካሮች ነን?

ደግሞ እናንተ፣ የምትጠሩት። ሰው አንድ ቀን ዞሮ ሥዕሉ ጠፋኝ ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ተልባ ታዛላችሁ? ስብከት ትጀምራላችሁ? ካፖርታችሁን ጣሉ። የምታውቀውን ንገረኝ በሉት። የማታውቀውስ በሉት። «ተረክቤአለሁ» ስትሉ ደግሞ አትሸኙት። ወድቋልና ይረፍ ብላችሁ ወደ በሩ አትስደዱት። እንደምትፈልጉት ያየበት ቀን ነው የሚድንበት ቀን። ከኋላዬ ቁም በሉት።

እንግዲህ አሜን በሉና እንሂድ አልላችሁም። አሜን ማለት ቀላል ነው፤ በረጋ ድምፅ ይባላል።

ሁላችሁም ወደ ኋላችሁ ዙሩ። አትሳቁ፤ ዙሩ። ከወንበራችሁ ኋላ የተቀመጠው ሰው ማን ነው? ስሙን ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ጠይቁት። ካወቃችሁ እንዴት ነህ በሉት። እግዚአብሔር ይመስገን ሲላችሁ፣ ፊታችሁን አትመልሱ፤ እንደገና ጠይቁት።

ጊዜ አለን። እኔ እጠብቃለሁ።